ከመርዶው በፊት የነበረችው ቅዳሜ

ስሙኝማ ወገኖቼ፤ ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ጓደኛችንን ነገር ነው። ስሙን አልጠራም። ሐዘኑ የእሱ ነው፣ ስሙም ለእሱ ይቆየው። ደግሞስ ስም ምን ያደርግላችኋል? አባቱን በስልክ የቀበረ ልጅ ዛሬ በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ደብር ይጠፋል?

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን የሜሪላንድ ከተማ፣ ሐበሻው ከመብዛቱ የተነሣ ገበያ ወጥተው አማርኛ ሳይሰሙ መመለስ የሚቸግርባት። ጊዜው ፍልሰታ። ጓደኛችን ዲሲ መሀል አንድ ሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ነው። ዙሪያዋን መስታወት በሆነች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሒሳብ ይቀበላል። የጥገኝነት ጥያቄውን ካስገባ ቆይቷል፤ መልስ ግን የለም። ነገሩን ለማያውቅ ልንገረው፤ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ ሳያልቅ ወደ አገሩ ቢመለስ ጥያቄውን እንደተወው ይቆጠርበታል። ከደለስ አየር ማረፊያ ዛሬ ረፋድ ላይ የተሳፈረ ሰው ነገ ጠዋት ቦሌ ይወርዳል። ለእሱ ግን ቦሌ ከጨረቃ ይርቅ ነበር።

አባቱ የአንበሳ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሯቸው ይዞራል። ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር የእሱ ናት። አባት በመስታወቱ አየት ያደርጉትና "እህ፣ ሞላ?" ይሉታል። እሱም ወደ ኋላ ዞሮ ሰዉን ይቃኝና "ሞልቷል አባዬ፣ ንዳው!" ይላል። ይህን የነገረን ራሱ ነው፣ ለቅሶው ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ።

አርብ ለቅዳሜ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እህቱ ናት። አገር ቤት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ድምጿ ሻክሯል፤ ለእኔ ስትል ልቅሶዋን ይዛዋለች።

"አባዬ አረፈ" አለችኝ። "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀብራለን። አደራ ወንድሜ፣ ብቻውን እንዳይሰማ።"

እንግዲህ በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ሰውየው እራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። አንድ አንጋፋ ሰው ይናገራል፣ የቀሩት ይደግፋሉ። ዛሬ ዛሬ "ለምን ይደበቃል? ሰው የአባቱን ሞት ወዲያው የማወቅ መብት የለውም ወይ?" የሚሉ በርክተዋል። ክርክሩን አከብረዋለሁ። ሄዶ መቅበር ለሚችል ሰው ቀብሩን ማስመለጥ በደል ነው፣ እሱ ላይ አንጣላም። መሄድ ለማይችለው ግን፣ በውድቅት ሌሊት በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ስልኩ ላይ ማየት መብት ሳይሆን ጭካኔ ነው። እኔ ከሥርዓቱ ጋር ነኝ።

የፈራነውም ፌስቡክን ነበር። ገና አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ የአጎቱ ልጅ ፎቷቸውን ለጥፎ፣ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" የሚለው ጽሑፍ መደርደር ጀምሯል። ጓደኛችን ደግሞ ሌሊቱን የሚገፋው በስልኩ ነው። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን ጋ ደወልኩ። የነገርኩትን ሰምቶ አልጨረሰም፤ "እኔ እዚያው አካባቢ ነኝ፣ ደረስኩ" ብሎ ዘጋው። ቡና በሁለት ብርጭቆ ይዞ መኪና ማቆሚያው ገባ። "ስልኬ ሞቶብኛል፣ ደንበኛ እየጠበቅኩ ነው፣ ያንተን ስጠኝ" አለው። ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ንጋት ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ኳስ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስ፣ ስለ ትራፊክ ቅጣት ያወራለታል። ያ ሰው ወሬ የማይወድ ዝምተኛ ሰው ነው። በዚያ ሌሊት ያወራውን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲያወራ አልሰማሁትም። ሲነጋም ስልኩን "ረስቶ" ይዞት ሄደ።

እኛ ደግሞ በየፊናችን ተሰማራን። ነርሷ ጓደኛችን የአጎቱን ልጅ ፈልጋ አግኝታ ፎቶውን አስነሣች፤ ያን ያጋሩትንም አንድ በአንድ ለመነች። ሌላዋ ሽሮና ምስር ለመጣድ፣ እንጀራ ለማዘዝ ወጣች። እኔ ወንበር ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄድኩ፤ ተጣጣፊ ወንበሮች ነበሯቸው፣ ሰጡን።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ተነሣ። ቤት ብቻውን ከተቀመጠ የሰው ስልክ ተውሶ ሊደውል ይችላል። ስለዚህ ሄደን "ና ወንበር እናጓጉዝ፣ ነገ ማኅበር አለ" ብለን ይዘነው ወጣን። እሱ ሥራ ሲባል እምቢ የማይል ልጅ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ በእያንዳንዱ ክንዱ ሁለት ሁለት ወንበር እያንጠለጠለ ከአዳራሹ ወደ መኪናው ይመላለሳል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እዚያ ማዶ፣ በእሱ ልጅነት ሰፈር፣ አባቱ ተቀብረው ሰው ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እዚህ ልጃቸው ለገዛ ለቅሶው ወንበር ይጭናል። አንዷን ወንበር እግሯ አልታጠፍ ብሎት ቁጭ ብሎ ሲያስተካክላት፣ ቀና ሳይል፣

"ያንን ስልኬን ግን አምጡልኝ እንጂ" አለ። "ነገ እሁድ አይደል? ለአባዬ በምን ልደውልለት ነው?"

ታክሲ ነጂው ፊቱን አዞረ። እኔ "ነገ ታገኘዋለህ" አልኩት፣ ስልኩን ማለቴ ነው። ከዚያ ወንበር አንሥቼ ወደ መኪናው ሄድኩ።

እሱ ከእኛ ጋር ሳለ ነርሷ እሱ የሚኖርበት ፎቅ ላይ ወጥታ የጎረቤቶቹን በር ታንኳኳለች። አፓርታማ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው። ጎሕ ሲቀድ "ወይኔ አባዬ" የሚል ጩኸት ሲሰሙ 911 ደውለው ፖሊስ እንዳይጠሩ "ነገ ማለዳ የአባቱን ሞት ልንነግረው ነው፣ እንዲህ ነው የምናለቅሰው፣ ይታገሡን" ትላቸዋለች። ሁሉም እሺ አሏት። ፊት ለፊት ያሉት የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ ግን ዝም ብለው እጇን ይዘው ቆዩ። እነሱም ዘጠኝ ቀን ተሰብስበው ለሞተ ሰው የሚጸልዩበት ልማድ አላቸው፤ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። በማግሥቱ ሻማና ትኩስ ዳቦ ይዘው መጥተው ከሴቶቹ መሀል ተቀመጡ። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ሲለቀስ አለቀሱ።

እሁድ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ከፎቁ ሥር ተሰበሰብን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጥቁር ለብሰናል። ፊት ፊት ጋሼ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በዚህ አገር ስንቱን መርዶ የተናገሩ ሽማግሌ። ከኋላ ወንበሮቹን ተሸክመን ደረጃውን ወጣን። ጋሼ አንኳኩ።

በሩን ከፈተ። ጋሼን አየ። ከኋላቸው ያለነውን አየ። ከዚያ ዐይኑ ወደ ታች ወረደ፣ ክንዳችን ላይ ወዳለው ወንበር። ያቺን እግሯን ያስተካከላትን ወንበር የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

"ወንበሩ የእኔ ነበር?" አለ።

ጋሼ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ አልተናገሩትም። "አዎን ልጄ" ብቻ አሉት። "አባትህ አርፈዋል።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመተረክ ቃል አላባክንም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ሁለት ሰው በክንዱ፣ አንድ ሰው ከጀርባው ሆኖ ያዘው፣ ራሱን እንዳይጥል። ጮኸ። እርሙን እስኪያወጣ ማንም "በቃህ" አላለውም። ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ በዚህ አገር ሰው ሲያለቅስ ቶሎ ውኃ ሰጥቶ ዝም የማሰኘት ጠባይ እኛም ላይ መጥቷል። የዚያን ቀን ግን ጋሼ "ተዉት፣ ያልቅስ" አሉ፣ ተውነው።

ሶፋው ወጣ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ከሆነ መድኃኒት ቤት አሳትመን ያመጣነው የአባቱ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ ጎረፈ። "እግዜር ያጥናህ"፣ "ነፍሳቸውን ይማር"። ጫማ ከበሩ እስከ ደረጃው ተደረደረ። ከደሴ የመጣው ሙስሊሙ ጓደኛችን ውኃ በካርቶን በካርቶን እየተሸከመ ያስገባል፤ አንድም ቦታ ቁጭ ሲል አላየሁትም። ማታ ሰው ሲሄድ ሳህን የሚያጥበውም እሱ ነው። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቡና ተፈላ።

ሐዘንተኛው ጓደኛችን ግን አንድ ጥያቄ ያዘው። ለመጣው ሁሉ ይጠይቃል፣ መልሱን የማያውቁትን ሁሉ። "ማን ተሸከመው? አፈር ማን አለበሰው? ወንድ ልጅ እኮ እኔ ብቻ ነኝ።"

በሰልስቱ ቀን አዲስ አበባ በምስል ደወልን። ስልኩን ከፎቶው አጠገብ አቆምነው። ድንኳኑ ታየ፣ እናቱ ታዩ፣ እህቶቹ ታዩ፤ በሁለት አህጉር አንድ ለቅሶ ሆነ። ከዚያ ስልኩን አንድ ሰው ተቀበላቸው። አብሮ አደጉ ነው፤ አንድ ግቢ ያደጉ፣ አንድ ኳስ የተራገጡ። ጢሙን አልተላጨም፣ ዐይኑ አብጧል።

"ስማኝ" አለው። "ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አንተ የምትቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሰው ሁሉ 'እግዜር ያጥናህ' ሲለኝ 'አሜን' አልኩልህ። አፈሩንም እኔ ነኝ ያለበስኩት፤ የእኔን አንድ፣ ያንተን አንድ። ድርሻህ አልቀረም።"

ጓደኛችን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ" አለ። መርዶው ከተነገረው ጀምሮ እህል የቀመሰው ያን ዕለት ማታ ነው።

አሠሪው ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠው። ብዙው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ይህንኑ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን ይህንንም አያስገድድም። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ሕጉ የሚመለከተው ሠራተኛ የታመመ አባቱን እንዲያስታምም እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል። አባት ከሞተ በኋላ ላለው ሐዘን ግን አንድ ቀን አልመደበም። አገር ቤትም ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ነው፣ ከደመወዝ ጋር። ልዩነቱ ሦስቱ ቀን ካለቀ በኋላ ነው። እዚያ እድር አለ። ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ሰፈሩን ይዞራል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ከእድሩ ግምጃ ቤት ይወጣል፣ ገንዘቡ ለሐዘንተኛው ይሰጣል። ያልመጣ ይቀጣል። እድር ከተማ ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ነገር ነው፤ ከየገጠሩ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የተገናኘ፣ ዘመድ አጠገቡ የሌለው ሰው እርስ በርሱ የገባው ውል ነው። የጓደኛችን አባት ዕድሜ ልካቸውን ለሌላ ሰው ድንኳን ሲተክሉ ኖረዋል፤ በቀናቸው ተተከለላቸው። እዚህም ዲሲና አካባቢው እድሮች አሉ። እኛ ግን ያኔ የተጻፈ ደንብም መዋጮም አልነበረንም። የእሱ ጓደኞች መሆናችን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሌሊቱን ተከፋፈልነው። አርባው እስኪወጣ አንድ ሰው ከእሱ ጋር ያድራል። ወሬ ካማረው ያወራል፣ ዝም ካለ ዝም እንላለን። አርባው ቀን ደረሰ፤ ፍትሐት ተደረገ። ለድግሱ ካዋጣነው ከፊሉን አዲስ አበባ ላክነው፤ እህቱ ሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሄዳ በአባታቸው ስም ለአረጋውያኑ የአንድ ቀን ምሳ አበላች። ጓደኛችንም ጢሙን ተላጨ። ሰዉም ወደየሥራው ተመለሰ።

ወገኖቼ፣ ሐዘኑ የከበደው ከዚህ በኋላ ነው። በለቅሶው ሰሞን ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሐዘንተኛው ለማሰብም ጊዜ የለው። አርባ ካለፈ በኋላ ቀኑ ያጥራል፣ ብርዱ ይገባል፣ ስልክ የሚደውል ይቀንሳል። ለእሱ ክፉዋ ቀን እሁድ ነበረች። ከቅዳሴ መልስ ለአባቱ የሚደውልባት ሰዓት ስትደርስ ስልኩን ያነሣል፣ ያየዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅዳሴውንም ተወ። የእኛንም ስልክ አያነሣም። ኅዳር ላይ ስናየው ልብሱ ሰፍቶታል።

ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች ደረሱለት። አንዱ አብሮ አደጉ ነው። ከእህቱ ይህን ሲሰማ ምንም አላለም፤ የሚመጣው እሁድ በዚያችው ሰዓት ከአዲስ አበባ ደወለ። "በልተሃል? በርዶሃል? ደሞዝ ገባልህ?" አባት የሚጠይቁትን አንድ ሳያስቀር ጠየቀው። በሚቀጥለውም እሁድ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሰዓት አላለፈችውም፤ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰዓቱ ቢዘገይ እንጂ እሁዷ አትቀርም።

ሁለተኛዋ ነርሷ ናት። እሷ ፊት ለፊት ነው የነገረችው። "ስማ፣ እንቅልፍ የለህም፣ ምግብ የለህም፣ ሥራህም ሊሄድ ነው። ይሄ ሐኪም የሚያየው ነገር ሊሆን ይችላል" አለችው። ከዚያ ያስገረመኝን ነገር ነገረችን። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ከ6 ወር አልፎ ሰውን ከሥራና ከኑሮ የሚያግድ ሐዘንን ሕክምና እንደሚያሻው ሕመም መዝግቦታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያቸው ውስጥ ሲያስገቡት ለአዋቂ ሰው 12 ወር አደረጉት። 6 ወር መንፈቅ ነው፣ 12 ወር ሙት ዓመት ነው። አያቶቻችን በእነዚህ ቀኖች ሰው ሰብስበው ሐዘንተኛውን ሲያዩት የኖሩት ያለ ነገር አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ዝክሩ ለሞተው ነው፣ መሰብሰቡ ግን ለቀረው ነው። እሷም "መንፈቁን አንጠብቅም" ብላ አማርኛ የሚናገር አማካሪ ፈልጋ አገኘች። የመጀመሪያውን ቀን ይዛው ሄዳ ውጭ ተቀምጣ ጠበቀችው። ሁለተኛውን ቀን ታክሲ ነጂው ወሰደው። ከዚያ በራሱ ሄደ።

ለመንፈቁ የካቲት ላይ ተሰበሰብን። ዳቦው ተቆርሶ ሲታደል የአውቶቡሱን ታሪክ እንደገና አወራልን። ለቅሶው ላይ ሲነግረን መጨረስ አቅቶት ነበር፤ አሁን ጨረሰው፣ የአባቱን ድምፅ አስመስሎ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። የጥገኝነት ጉዳዩ እስካሁን አላለቀም፣ መቃብሩንም አላየም። ሐዘኑም አለ። ግን ይበላል፣ ይተኛል፣ ቅዳሴ ይመጣል። የሌላ ሰው መርዶ ሲኖር ጎረቤት የሚያስፈቅደው እሱ ነው፤ በር ለበር ዞሮ "እንዲህ ነው የምናለቅሰው" ይላል።

ትረካዬ ይህ ነው። ሁለት ነገር ለምኛችሁ ላብቃ። አርባው ያለፈ ሐዘንተኛ ጓደኛ ያላችሁ፣ አባቱ ይደውሉለት ወይ ይደውልላቸው የነበረበትን ሰዓት ጠይቁና በዚያች ሰዓት ደውሉለት። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ የሟችን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት "ውጭ ያለው ልጅ ተረድቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልተረዳ ፎቶውን አቆዩት፤ ለእኛ ለጓደኞቹ ደውሉልን። ሌሊትም ቢሆን እናነሣለን።